ጋሽ እርማት እና አራቱ የማይሠሩ ማሽኖች

ውሃ ያልገባበት ሰፈር አይቻለሁ፤ መብራት ያልገባበትም አይቻለሁ። አራሚ የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቀን ብትጠሩ ቀኑን፣ ዋጋ ብትጠሩ ዋጋውን፣ «ደህና ነኝ» ብትሉ ደህንነታችሁን የሚያርም አንድ ሰው የግድ አለ። ማንም አልቀጠረውም፣ ማንም አልመረጠውም፤ ግን እንደ እሱ ከሥራው ቀርቶ የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

የእኛ ሰፈር ክቡር አራሚ ጋሽ እርማት ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ ቢኖርም ደፍሮ አይጠራውም፣ አጠራሩን ያርሙታላ! በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ፎርማን ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ከፋብሪካው ነው እንጂ ከፎርማንነቱ አይደለም። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ቀይ እስክሪብቶና ቴስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ፣ አይጠፉም። ጎን ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ የነጭ ፕላስተር ጥቅል አለ። በፋብሪካ ደንብ የተበላሸ ነገር ምልክት ሳይለጠፍበት አይታለፍም፤ እሳቸውም ደንቡን ይዘውት ቤት ገቡ። የሕንጻችን በር፣ የደረጃው አምፖል፣ የጎረቤት ብስክሌት፣ ሁሉም በየተራው «አይሠራም» የሚል ፕላስተር ተለጥፎበት ያውቃል።

ሊያርሙ ሲሉ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ቀጥሎ ጣታቸው ይነሳል፣ ከዚያ «አንድ እርማት አለኝ» ይላሉ። አንድ ማለታቸው ትሕትና ነው፤ ከሦስት አንሶ አያውቅም።

የአንድ ጎረቤታችን ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «በሰባ ሦስት ዓመታቸው» የሚለው ቦታ ላይ ከሕዝቡ መሃል ጣት ተነሳ። «አንድ እርማት አለኝ። ሰባ አምስት ናቸው። አብረን ነው የተቀጠርነው፤ ያኔ ሁለት ዓመት ቀንሰው ነው ያስመዘገቡት።» የሟቹ ባለቤት እንባዋን ጠርጋ «ኧረ የሞተ ሰው እንኳ ይልቀቁ!» አለች። ጋሽ እርማት ግን አልለቀቁም፤ ለአንባቢው ቀይ እስክሪብቶ አቀበሉት። አውቶቡስ ውስጥም ያው ናቸው። አንዴ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «እንግዲያው እርስዎ ይንዱት» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳላቸው። ተሳፋሪው ለምኖ ነው የመለሰው።

እኔ ደግሞ ለጋዜጣ የምጽፍ ምስኪን ነኝ። ጽሑፌ በወጣ ማግስት በራችን ይንኳኳል። ጋሽ እርማት ጋዜጣውን በቀይ አቅልመው፣ ሰው ሊቀብሩ የመጡ ይመስል ኮፍያቸውን አውልቀው ይገባሉ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ሞክረሻል» ይላሉ። «ደህና» የምትለዋን ሲሏት የሆነ ነገር አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል።

በሕይወታቸው የፈሩት የለም፣ ከአንድ ሰው በስተቀር፤ እሷም እናቴ ናት። እናቴ ስልክ በኦፕሬተር ይገናኝ በነበረበት ዘመን የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ሦስት መቶ ያህል ቁጥር በቃሏ ትይዝ ነበር፤ እስከ ዛሬም ትይዛለች። ከጋሽ እርማት ጋር የተዋወቁትም በስልክ ነው። የፋብሪካው ቁጥር በስልክ ማውጫው ላይ በስህተት ታትሟል ብለው ሊያርሙ ደወሉ። እናቴ «አይ፣ ትክክል ነው» አለች። «አንድ እርማት አለኝ» አሉ። «መስመሩ ተይዟል» ብላ ዘጋችባቸው። ማውጫው ትክክል ነበር። ከዓመታት በኋላ ጎረቤት ሆነው ሲገናኙ በድምፅዋ አወቋትና ኮፍያቸውን አወለቁ። እስከ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ሲያርሙ እሷን የሚጠጉት ቀስ ብለው ነው፤ እሷም ሻይ እየቀዳች አንድ ባንድ ታርማቸዋለች።

ይህችው እናቴ መታጠቢያ ቤት ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ፣ አጥንቱም ገጠመ። ችግሩ የመጣው ከአንገት በላይ ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት ስትነቃ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ልጅሽ ነኛ!»

«ይጠብቁ፤ መስመሩ ተይዟል።»

የመጀመሪያውን ቀን ሳቅኩ። የክፍሉ ነርስ፣ ሲስተሯም ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ግን አሁንም «ማን ልበል?» ስትለኝ ደረጃው ላይ ወጥቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሦስት መቶ ቁጥር የያዘ ጭንቅላት የአንዲት ልጁን ስም ሲጥል ምን ይባላል?

አንድ ወጣት ሐኪም አስቀምጦ አስረዳኝ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ከማደንዘዣና ከቀዶ ጥገና በኋላ አእምሮ እንዲህ ግራ የሚጋባበት ጊዜ አለ አለኝ። ብዙዎቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ይዘገያሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ድሮው አይሆኑም። የትኛዋ እንደምትሆን እኔም አላውቅም አለ። በፈተና ለካት፤ ቀኑን ጠየቃት፣ ሰዓት ሣዪ አላት፣ ሦስት ቃል ሰጥቶ ቆይቶ መልሺልኝ አላት። ከሠላሳ አሥራ አንድ አገኘች።

ከዚያ ስለ ጥናቱ ነገረኝ። ቀጫጭን መርፌዎች ራስ ላይና ክንድ ላይ ይሰካሉ፤ ከአንዲት ትንሽ ማሽን በገመድ ስስ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል። ሕመምተኛው ቢበዛ ንዝረት ነው የሚሰማው። «አእምሮን ቶሎ ይመልሳል የሚሉ አሉ። እውነት መሆኑን ለማወቅ ነው የምናጠናው። በዚህ ክፍል ስምንት ሰዎች አሉ። የአራቱ ማሽን ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የአራቱ መብራቱ ይበራል እንጂ ምንም አይወጣውም። የትኛው የማን እንደሆነ ሕመምተኛውም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ካወቅን ጥናቱ ዋጋ የለውም» አለኝ። ፈረምኩ። ለእናቴ ስድስት ቁጥር ማሽን ደረሳት።

ጋሽ እርማት በማግስቱ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ።

«እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ሃሎ፣ የት ላገናኝ?»

አፋቸውን ሲከፍቱ ሲስተሯ ቀደመቻቸው። «አባቴ፣ እዚህ ክፍል አንድ ሕግ አለ። ስትሳሳት አያርሟት። ሲያርሟት ትጨነቃለች።»

ለጋሽ እርማት አያርሙ ማለት ለዓሣ ከውሃ ውጣ ማለት ነው። እናቴ የዛሬ አርባ ዓመት የነበረው ሥራ አስኪያጅ ለምሳ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ እርማት ፊታቸው ቀላ፣ ጣታቸው ግማሽ መንገድ ተነስታ ቆመች። ድንገት ተስፈንጥረው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ተከትዬ ስወጣ ያለፈውን ወር የሚያሳይ የግድግዳ ካሌንደር እየገነጠሉ ነበር። «ተይኝ እባክሽ» አሉኝ፤ «አንድ ነገር ካላረምኩ ልቤ ሊቆም ነው።»

በሳምንቱ የሆነው ሆነ። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ሐኪሙ መርፌዎቹን ነቅሎ፣ ስምንቱን ማሽኖች ጋሪ ላይ ደርድሮ፣ እዚያው ትቶ ወጣ። እኔም ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ጋሽ እርማትን ከስምንት የኤሌክትሪክ ማሽኖች ጋር ብቻቸውን ትቼ መውጣቴ የኔ ጥፋት ነው፤ በኋላ ይህን ለሁሉም ነግሬአለሁ።

ስመለስ ክፍሉ ገበያ መስሏል። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ በማውቀው የፎርማን ጽሕፈት፣ አራቱ ላይ «ይሠራል»፣ አራቱ ላይ «አይሠራም» ይላል። ጋሽ እርማት ቴስተራቸውን ይዘው መሃል ክፍሉ ቆመዋል፤ ፋብሪካ ከእሳት ያተረፈ ሰው መስለዋል።

«አራት ማሽን ሙሉ በሙሉ ሞቷል! መብራቱ ብቻ ነው የሚያታልለው!»

አልጋ ሦስት ላይ ያሉት ጡረተኛ ዳኛ ማሽናቸው «አይሠራም» ከተባሉት አንዱ ነበር። በዋዜማው ሰዓት አሳምረው ሥለው ሐኪሙን ያስደሰቱ ሰው ናቸው። አሁን ትራሳቸውን ወርውረው ተነሱ። «እስከ ዛሬ በባዶ ገመድ ነው የተወጋሁት? ይግባኝ እላለሁ!» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዳኛው ቀኑም ጠፋቸው፣ ቁጥሩም ጠፋቸው። አልጋ አምስት ያሉት ልብስ ሰፊ ደግሞ «ይሠራል» ደርሷቸው ስለነበር «እኔማ አውቄዋለሁ! ጉልበቴ እንኳ ቀሎኛል!» ይላሉ። በጠዋቱ ፈተና ከዳኛው በታች ያገኙ እሳቸው ነበሩ።

ሐኪሙ ገባ፣ ፕላስተሮቹን አየ፣ አንድ ባንድ አነበበ። ከዚያ ባዶ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ» አለ በቀስታ፣ «አራቱ እንዳይሠሩ ተብለው የተሠሩ ናቸው።»

«አንድ እርማት አለኝ፤ እንዳይሠራ ተብሎ የሚሠራ ማሽን የለም።»

ሐኪሙ አስረዳቸው። ማን ምን እንዳገኘ ከታወቀ ሰው በተስፋው ይሻለዋል፣ በቅሬታው ይብስበታል፤ እንግዲህ መርፌው ይርዳ አይርዳ በምን ይታወቃል? ወደ ዳኛው አሳያቸው፣ ወደ ልብስ ሰፊው አሳያቸው። ጋሽ እርማት ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸው ወደ ታች ወረደች። ዞር ብለው ስድስት ቁጥርን አዩ። ላዩ ላይ «አይሠራም» ይላል፤ የራሳቸው ጽሕፈት።

እኔም አልተውኳቸው። ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የእናቴ ጭንቅላት የፋብሪካ ማሽን አይደለም! እስቲ በሕይወትዎ አንድ ቀን እንኳ አፍዎን ይያዙ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ከአባቴ ጋር የሚተካከሉ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። «ኮሪደር ላይ አይጮህም» ብለው እንኳ አላረሙኝም፤ ይሄ ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ።

ሲስተሯ ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ከለከለቻቸው። ስምንቱ ሕመምተኞች ከጥናቱ ወጡ። ሐኪሙ የፈለገ ሁሉ ከነገ ጀምሮ የሚሠራው ማሽን ይደረግለታል አለ፤ ለእናቴም ተደረገላት። አምስት ቀን ሆነ። ፈተናዋ ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ሁለት ብቻ ከፍ አለ። አሁንም «ማን ልበል?» ነበርኩ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ቀደም ብዬ ደረስኩ። በሩ ጋ ስደርስ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ጋሽ እርማት በውጭ በኩል ሁለት ጡብ ደራርበው ቆመው፣ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ ከእናቴ ጋር ያወራሉ። ሲስተሯ የከለከለቻቸው መግባት ነው፤ ውጭ መቆም አልተከለከለም።

«እትዬ፣ ዛሬ እሑድ ነው» ይላሉ። ሐሙስ ነው።

«ሻይ ስትጠጪ ስኳር አትወጂም።» እናቴ ሻዩን በስኳር ሳይሆን ስኳሩን በሻይ ነው የምትጠጣው።

«ባልሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዳማ አሸንፎኝ አያውቅም።» አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያሸንፋቸው ኖሯል!

ወይ ጉድ! ሰውዬውም አእምሯቸውን ሳቱ አልኩ በልቤ። ጸጸቱ ገደላቸው። ዞሬ በጓሮ በኩል ሄድኩና ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ሁሉንም እያሳሳቱ እኮ ነው።»

«አውቄ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እርማት ከለከሉኝ አይደል? እሺ አልኩ። ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልኝ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ብልሽት ራሴ ሠርቼ ፈልገህ አግኝ እለው ነበር። ካልነገርኩት ይፈልጋል፤ እየፈለገ ጭንቅላቱ ይነቃል። እናትሽ ደግሞ ስህተት ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በተለይ የኔን።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ጥናቱን አበላሽቼባታለሁ። አምስት ቀን ነው እየተሳሳትኩላት ያለሁት። እንዴት ያማል መሰለሽ።»

በሕይወታቸው ሙሉ ስህተት ያላሳለፉ ሰው፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ጡብ ላይ ቆመው ሲሳሳቱ ነበር! ወደ ውስጥ ገብቼ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም ከመስኮቱ ቀጠሉ።

«እትዬ፣ የፋብሪካችን ስልክ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሁለት፣ ሰባት፣ አንድ፣ አራት።»

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጣቶቿ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ድሮ የስልክ ገመድ መሰካት ጀመሩ።

«ሁለት፣ ሰባት፣ አንድ፣ አራት» ደገሙት።

«አራት አንድ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሁለት፣ ሰባት፣ አራት፣ አንድ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ያኔም እኮ ነግሬሃለሁ! ማውጫው ትክክል ነው!» ቀና ብላ ልትቀመጥ ሞከረች። «ዛሬስ እሑድ ነው ያለህ ማነው? እሑድ ቢሆን ይሄ ሁሉ ሐኪም ምን ይሠራል? ደግሞ መቼ ነው ባሌን ዳማ ያሸነፍከው?»

ጋሽ እርማት የመስኮቱን ብረት በሁለት እጃቸው ያዙ። የመጨረሻዋን ስህተት ወረወሩ።

«ይሁን እሺ። ልጅሽ ግን ጽሑፏ አንድም ስህተት የለበትም።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ የድሮው ዓይኗ ነበር።

«የሷ? ኧረ ተወኝ! ባለፈው ዕድሜዬን አሳስታ ጋዜጣ ላይ ያወጣችው ማን ሆነና ነው! ልጄ ናት ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።»

ልጄ ናት አለች! እንደዚያ ቀን ስሜ ጠፍቶ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ እሷም «መርፌውን፣ መርፌውን እንዳትነኪ» እያለች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። መርፌ እንኳ አልነበረም፤ ገና አልተሰካላትም ነበር። እኔም አላረምኳትም።

በሳምንቱ ከሠላሳ ሃያ ስድስት አገኘች። ሐኪሙን ምን መለሳት ብዬ ጠየቅኩት። ጊዜው ሊሆን ይችላል አለ፣ መርፌው ሊሆን ይችላል፣ የሚያነጋግራት ሰው ማግኘቷም ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰው አይፈረድም፣ ለዚህ ነበር ጥናቱ። ይህን ሲል ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ጋሽ እርማት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እርማት የለኝም» አሉ።

ሐኪሙ ጥናቱን ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር እንደገና ጀምሯል። የክፍሉ በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «ቴስተር ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ጋሽ እርማት አይተውት ከሥሩ በቀይ «እስክሪብቶስ?» ብለው ጽፈውበታል።

እናቴ አሁን ቤቷ ናት፤ በምርኩዝ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስደውልላት «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ትለኛለች፤ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ከዚያ ትስቃለች። ጽሑፌ በወጣ ማግስት፣ ሰኞ ሰኞ፣ ጋሽ እርማትን መጠበቅ ትወዳለች። ሁለት ኩባያ ታወጣለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ልናዘዝ። እዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ጋሽ እርማት ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ ብያለሁ። ሠላሳ ሦስት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፖስተኛው ሳይቀር በቃሉ ይዞታል። አውቄ ነው ያሳሳትኩት። ጋሼ፣ ይህን መስመር ሳይጨርሱ ኮፍያዎን እያደረጉ እንደሆነ ይታየኛል። ቀስ ብለው ይምጡ፤ ደረጃው ላይ ያለው አምፖል አሁንም አይሠራም።